የክበቡ ድረ ገጽ በማን ስም ይቀመጥ?

ጥያቄ፦

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ኮምቦልቻ የምማር የሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ የቴክኖሎጂ ክበባችን የድረ ገጽ ክፍል ተጠሪ ሆኜ ተመርጫለሁ። የድረ ገጹ ኮድ የሚገኘው ባለፈው ዓመት በተመረቀው መሥራቻችን የግል የጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበትና በጋራ የሚሠራበት የኢንተርኔት አገልግሎት) አካውንት ላይ ነው። ድረ ገጹ በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራና ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ያለው ሲሆን 26 ገጾች አሉት፤ እነሱም ማስታወቂያዎች፣ የሥልጠና ጽሑፎች፣ የአመራር ዝርዝር፣ የፕሮግራም ፎቶዎችና የአባልነት መመዝገቢያ ቅጽ ናቸው። የሆስቲንጉን፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ሰርቨር፣ ኪራይ የከፈለልን ውጭ አገር የሚኖር የአንድ አባላችን ወንድም በራሱ ካርድ ነው፤ ዘመኑም ከሁለት ወር በኋላ ያበቃል። ሥራ የምንከፋፈለው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። 43 አባላት አለን፤ የምንሠራው ግን 4 ነን። ‹እኔ እሠራዋለሁ› ብሎ የጠፋው ብዙ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ሁለት ልጆች ሳይነጋገሩ አንድን ገጽ ሠርተው፣ የአንዱ ሥራ በሌላው ተደምስሶ እስከ መኳረፍ ደርሰዋል። አንዳንዶች ሁሉንም አፍርሰን በአዲስ ቴክኖሎጂ እንሥራው ይላሉ። ገንዘብ አዋጥተን ሆስቲንጉን እናድስ ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ሥራውንስ እንዴት ላደራጀው? መሥራቻችንንም ኮዱን ስጠን ብንለው የነጠቅነው እንዳይመስለው እሰጋለሁ።»

ግራ የገባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

አብሽሪ እህቴ። ነገሮቹን በቅደም ተከተል ከያዝሻቸው ሁለት ወር ለዚህ ሥራ ይበቃል። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ኮዱ፣ ሆስቲንጉና የሥራ ክፍፍሉ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ሆነው አልታዩኝም። ኮዱ በአንድ ተመራቂ ስም ተቀምጧል፤ ኪራዩ በአንድ አባል ወንድም ካርድ ይከፈላል፤ ሥራው ደግሞ «እኔ እሠራዋለሁ» ባለ ሰው ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። በክበቡ በራሱ ስም የተቀመጠ አንድም ነገር የለም። ስለዚህ መዋጮ ከመጥራታችሁ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ድረ ገጽ የማን ነው የሚለው ነው።

ሌላው አገር እድር፣ እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለውን ማኅበር አስቢው። ድንኳኑ፣ ትልልቁ ድስትና አግዳሚው ወንበር በዳኛው (በቅሬው ሰብሳቢ) ቤት ሊቀመጥ ይችላል፤ የዳኛው ንብረት ግን አይደለም። ዳኛው ቢያርፉ፣ ቢደክሙ ወይም ሰፈር ቢለቁ ቅሬው ዕቃውን ቆጥሮ ለተተኪው ያስረክባል እንጂ ሌላ ድንኳን ለመግዛት ገንዘብ አያወጣም። የተማሪ ክበብ ደግሞ ዳኛው በየዓመቱ የሚቀየርበት ቅሬ ነው፤ የሚመረቅ ሰው መኖሩ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነውና ርክክቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊታሰብበት ይገባል። እኔም ተማሪ ሳለሁ የነበርኩበት ክበብ ድረ ገጽ ነበረው። የዶሜኑን (የድረ ገጹን አድራሻ ስም) ክፍያ የያዘው ጓደኛችን አገር ሲለቅ የእድሳቱ ማስታወቂያ ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ሲመጣ ቆይቶ አንድ ቀን ድረ ገጹ ጠፋ፤ የሦስት ዓመት ጽሑፍና ፎቶግራፍም አብሮ ጠፋ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል፤ የአንቺን ደብዳቤ ከሌሎች አስቀድሜ የመለስኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጊትሃብ ላይ ከግል አካውንት የተለየ፣ «ኦርጋናይዜሽን» የሚባል የጋራ ቤት መክፈት ይቻላል፤ ክፍያም አይጠየቅበትም። ብዙ ክበቦች በዚህ ፈንታ በክበቡ ስም አንድ የግል አካውንት ከፍተው ፓስወርዱን በግሩፕ ይቀባበሉታል። ይህን አታድርጉ። የጊትሃብ የአገልግሎት ውል አንድ መግቢያ ለብዙ ሰው እንዲያገለግል አይፈቅድም፤ ከዚህም ሌላ ማን ምን እንደሠራ አይታወቅም፣ አንድ የተቀየመ ሰው ፓስወርዱን ቢለውጥም ሁላችሁም ደጅ ትቀራላችሁ። በኦርጋናይዜሽን እያንዳንዱ አባል በራሱ አካውንት ይገባል፤ ባለቤትነቱም ለብዙ ሰው ይሰጣል። ሦስት ባለቤቶች ይኑሩት፦ አንቺ፣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪና የክበቡ አማካሪ መምህር። መምህሩን የጨመርኳቸው ኮድ እንዲጽፉ አይደለም፤ እናንተ ቆብ ደፍታችሁ ስትሄዱ እሳቸው ግቢው ውስጥ ስለሚቀሩ ነው። ጊትሃብ ኮድ ለሚያዋጡ ተጠቃሚዎች ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ግዴታ ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ማረጋገጫውን በስልክ መልእክት ሳይሆን በማረጋገጫ መተግበሪያ አድርጉት፤ መተግበሪያው ኔትወርክ በሌለበትም ቁጥሩን ያወጣልና። ስልክ ሲጠፋ የሚያስገቡትን ኮዶችም እያንዳንዱ ባለቤት በወረቀት አትሞ ያስቀምጣቸው።

አሁን ወደ መሥራቻችሁ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀሽ እሱ እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ይታያል። በጽሑፍ አትላኪለት፤ ደውዪለት። መጀመሪያ ከልብሽ አመስግኚው፤ አንድ ሰው ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ከምንም አንሥቶ የሠራው ነገር ነውና ምስጋናው ይገባዋል። ከዚያ «ኮዱን ስጠን» ከማለት ይልቅ «ያቋቋምከውን ወደ ክበቡ ቤት አስገባልን» በዪው። ጊት (ጊትሃብ የተመሠረተበት የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ መሣሪያ) የእያንዳንዱን ለውጥ ታሪክ ከሠሪው ስም ጋር አብሮ እንደሚይዝና ሪፖዚተሪው (ኮዱ ከነታሪኩ የተቀመጠበት ቦታ) ቢዛወርም ስሙ ከሥራው ጋር እንደሚዘልቅ እሱም ያውቀዋል፤ አንቺም እንደምታውቂው ይስማ። አሠራሩ ቀላል ነው። ኦርጋናይዜሽኑ ውስጥ ሪፖዚተሪ የመፍጠር ፈቃድ ያለው አባል አድርጋችሁ ታስገቡታላችሁ፤ እሱ በሪፖዚተሪው ሴቲንግ ግርጌ ያለውን የማዛወሪያ ቁልፍ ይጫናል፤ ኮዱም፣ የተመዘገቡት ኢሹዎችም (የሚሠሩ ነገሮች ማስታወሻዎች) አብረው ይሻገራሉ፤ የቀድሞው የሪፖዚተሪ አድራሻም ወደ አዲሱ ይመራል። አባልነቱን ከዚያ በኋላ አትሰርዙበት። ስልኩን ባያነሳና ጊዜው ቢገፋ እንኳ ከአራታችሁ የአንዱ ኮምፒውተር ላይ ክሎን የተደረገ (ከነታሪኩ የተገለበጠ) ቅጂ ካለ፣ ከኢሹዎቹ በቀር ሙሉ ታሪኩ እጃችሁ ላይ ነው።

ከመሥራቹ ጋር ስትነጋገሪ አንድ ነገር በጥብቅ ጠይቂው፦ የዳታቤዙ ፓስወርድ ከኮዱ ጋር አብሮ ተቀምጦ እንደሆነ። በፒኤችፒ በተሠሩ የተማሪ ሥራዎች ላይ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። ተቀምጦ ከሆነ ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፤ ጊት የጠፋውንም ያስታውሳልና ፓስወርዱ ራሱ ዛሬውኑ ይለወጥ። የድሮውን ሪፖዚተሪ ለሕዝብ ሳትከፍቱ በኦርጋናይዜሽኑ ውስጥ ዘግታችሁ በማኅደርነት አስቀምጡት፤ አዲሱን ድረ ገጽ ግን ንጹሕ ታሪክ ባለው ሌላ ሪፖዚተሪ ጀምሩ፤ በመጀመሪያው ገጽም የመሥራቹን ስም ጻፉ።

ወደ ሆስቲንጉ ስንመጣ መልሴ አታድሱት ነው። ከዘረዘርሻቸው ነገሮች ውስጥ ዳታቤዝ የሚያስፈልገው የመመዝገቢያው ቅጽ ብቻ ነው፤ ለአንድ ቅጽ ሲባል ዓመቱን ሙሉ ሰርቨር መከራየት፣ ኪራዩንም በማታዙበት የውጭ ካርድ ላይ ማንጠልጠል አይገባም። ቅጹን በጉግል ፎርም ተኩት፤ መልሱ የሚጠራቀምበትን ሰንጠረዥም ለሦስቱ ባለቤቶች ብቻ አጋሩ። ቀሪዎቹ ገጾች ለሁሉም ጎብኚ አንድ ዓይነት ሆነው የሚታዩ ናቸውና በስታቲክ ፋይል ሊቀመጡ ይችላሉ። የጊትሃብ ፔጅስ አገልግሎት እንዲህ ያለውን ድረ ገጽ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ሪፖዚተሪ ላይ አንሥቶ ያለ ክፍያ ያሳያል። ፒኤችፒ አያስኬድም፤ ዳታቤዝም የለውም፤ በዚህ ምክንያት ግን የሚሰበርበት ነገር ትንሽ ነው። የኮዱ ቤትና የድረ ገጹ ቤት አንድ መሆናቸው ለእናንተ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሪፖዚተሪውን የተረከበ ሰው ሆስቲንጉንም በዚያው ተረከበ ማለት ነውና የሚከፈል፣ የሚረሳ፣ በሰው ካርድ የሚታሰር ሌላ ነገር አይኖርም።

ልክ ግን አለው። የድረ ገጹ መጠን ከ1 ጊጋባይት እንዳይበልጥ፣ በወር የሚያስተላልፈውም ከ100 ጊጋባይት እንዳይዘል ይጠበቃል፤ ከ100 ሜጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ደግሞ ጊትሃብ ጨርሶ አይቀበልም። አንድ ገጽ 1 ሜጋባይት ይመዝናል ብንል እንኳ በወር አንድ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ሊከፈት ይችላል ማለት ነውና የጎብኚ ብዛት አያሳስብሽ። የሚያሳስበው ፎቶ ነው። ከስልክ በቀጥታ የወጣ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢመዝን የአንድ ፕሮግራም 30 ፎቶ 120 ሜጋባይት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ወደ 200 ኪሎባይት ቢቀነስ ግን ሁሉም ተደምሮ 6 ሜጋባይት ብቻ ነው። በጊት ውስጥ አንዴ የገባ ፎቶ ነገ ቢጠፋም በታሪኩ ስለሚቆይ፣ መቀነሱ ሪፖዚተሪው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይሁን። በካርድ በገዛው ዳታ ገጻችሁን የሚከፍት የአንደኛ ዓመት ተማሪ 120 ሜጋባይት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ።

ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሪፖዚተሪ ማንም የሚያነበው መሆኑን ለአባላቱ ሁሉ ንገሪ። የአባላት ስልክ ቁጥር፣ የተማሪ መታወቂያ ቁጥር፣ የዶርም ቁጥር በምንም ምክንያት እዚያ አይግባ። ፎቶው የሚወጣበት ሰውም አስቀድሞ ይጠየቅ።

አድራሻውን በተመለከተ ፔጅስ በኦርጋናይዜሽኑ ስም የሚጠራ ነጻ አድራሻ ይሰጣል፤ ለመጀመር እሱ ይበቃል። የራሳችን ስም ይኑረን የምትሉ ከሆነ ደግሞ ዶሜን ከመግዛታችሁ በፊት የምትማሩበትን ተቋም የአይሲቲ ክፍል በደብዳቤ ጠይቁ። በደብዳቤው ላይ «ሰርቨር ይሰጠን» ብትሉ ጥያቄው ከቢሮ ቢሮ ሊንከራተት ይችላል። እናንተ የምትፈልጉት በተቋሙ ዶሜን ሥር አንድ ንዑስ ስም፣ እሱንም ወደ ጊትሃብ የሚያመለክት አንድ መስመርና ስሙን የሚያረጋግጥ ሌላ አንድ መስመር በዲኤንኤስ መዝገብ (አድራሻን ከሰርቨር በሚያገናኘው) ላይ እንዲጨመር ብቻ ነው። ይህን በግልጽ ጽፋችሁ፣ በአማካሪ መምህሩ አስፈርማችሁ አቅርቡ፤ ተቋሙን ቦታም ሆነ ኤሌክትሪክ አታስወጡትም፣ በሰርቨሩም ላይ የእናንተ ኮድ አይሮጥም። ሲፈቀድላችሁ ያንን ስም በኦርጋናይዜሽኑ ሴቲንግ ውስጥ አረጋግጡት፤ ያልተረጋገጠና ባለቤት አልባ ሆኖ የቀረ ስም ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ይችላል።

ጊትሃብ ፔጅስ ተራ የጽሑፍ ፋይልን ወደ ድረ ገጽ የሚቀይረውን፣ ጄክል የሚባለውን መሣሪያ በራሱ ያስኬዳል። በጄክል አንድ ማስታወቂያ ማለት አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ኮምፒውተር የሌለው አባል በስልኩ ብራውዘር ከፍቶ፣ የእርሳስ ምልክቷን ተጭኖ ሊያስተካክለው ይችላል። ሁለት ነገሮች ግን እኛን አማርኛ ጸሐፊዎችን ስለሚያስቸግሩ ከወዲሁ ልንገርሽ። የመጀመሪያው ቀን ነው። ጄክል የማስታወቂያውን ፋይል ስም በፈረንጅ ቀን መጀመርን ይፈልጋል፤ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የወጣን ማስታወቂያ አንድ ልጅ በየዋህነት 2018-02-05 ብሎ ቢጀምረው ጄክል የዛሬ ስንት ዓመቱን ፌብሩዋሪ ስለሚያስበው አዲሱ ማስታወቂያ ከአሮጌዎቹ ሁሉ ግርጌ ይወድቃል። ትክክለኛው 2025-10-15 ነው። ጳጉሜንን 13ኛ ወር ብሎ የጻፈም ለጄክል የሌለ ቀን ጽፏል። በፋይሉ ስም የፈረንጁን፣ በጽሑፉ ውስጥ ደግሞ የእኛን ቀን ጻፉ። ሁለተኛው የፋይል ስም ፊደል ነው። ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል ይሁን፣ ስሙን ግን በላቲን ጻፉት፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ መስመር ላይ ሲገለበጥ 9 ምልክት ስለሚሆን «ማስታወቂያ» የምትለዋ ባለ 6 ፊደል ቃል በቴሌግራም ስትላክ 54 ምልክት የሚረዝም የማይነበብ ነገር ልትሆን ትችላለች።

የሥራ ክፍፍሉን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ስላነሰብኝ አይደለም፤ ከሆስቲንጉ ለውጥ ጋር አብሮ ስለሚፈታ ነው። 26 ገጽ ከአሮጌው ወደ አዲሱ መሻገር አለበት። 26 ገጽ ማለት 26 ሥራ ነው፤ እያንዳንዱም ትንሽ፣ መጀመሪያና መጨረሻው የታወቀ፣ ጀማሪ የሚችለው ነው። 39ኙ አባላት የማይሠሩት ሰንፈው ነው ብለሽ አትደምድሚ። በግሩፑ ላይ «ድረ ገጹን ማሳመር የሚፈልግ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ምን ብሎ እጁን ያወጣል? ከየት እንደሚጀምር አያውቅም፤ የት ሲደርስ እንደሚያበቃም አልተነገረውም። ደፍሮ «እኔ» ያለውም በሦስተኛው ቀን ግራ ሲገባው ማፈሩን መደበቅ ስለሚቀለው ይጠፋል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሥራ በሪፖዚተሪው ኢሹ ላይ፣ በአማርኛ፣ አንድ እንግዳ ሰው አንብቦ ሊጀምረው በሚችልበት መልክ ጻፊው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ፦

«የ2016 ዓ.ም. የአመራር ዝርዝርን በዘንድሮው መተካት። የት፦ የአመራር ገጽ ፋይል ውስጥ። ምን ይግባ፦ የሰባቱ ሰዎች ስም፣ ኃላፊነትና የትምህርት ክፍል፤ ስልክ ቁጥር አይገባም። ዝርዝሩ ከማን ይገኛል፦ ከክበቡ ጸሐፊ። አለቀ የሚባለው መቼ ነው፦ ገጹ በስልክ ተከፍቶ ስሞቹ ሳይቆራረጡ ሲታዩ። የሚፈጀው፦ አንድ ምሽት። ሲቸግር የሚጠየቀው፦ የድረ ገጽ ክፍል ተጠሪ።»

ይህን ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ይፈጅብሻል፤ ገጹን ራስሽ ብትሠሪው ምናልባት ሃያ ደቂቃ ነው። «ታዲያ ለምን ራሴ አልሠራውም?» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል፤ አራት ሰው ብቻ የሚሠራበት ክበብ የሚፈጠረው ግን በትክክል በዚህ ሐሳብ ነው። ከሁለት ምሽት በላይ የሚፈጅ ሥራ ካለ ለሁለት ወይም ለሦስት ክፈዪው። መለያ ምልክቶቹንም በአማርኛ አድርጊያቸው፦ «ለጀማሪ»፣ «ጽሑፍ»፣ «ፎቶ»፣ «ኮድ» ይበቃሉ። በነገራችን ላይ ጽሑፉና ፎቶው ለሴቶች፣ ኮዱ ለወንዶች እንዳይሆን ተጠንቀቂ፤ ማንም ሳያስበው እንዲህ ሲሆን ብዙ ክበብ ውስጥ አይቻለሁ።

አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሥራ በላይ አይያዝ። የያዘውን ሥራ ስሙ በኢሹው ላይ ይመዝገብ፤ ሰባት ቀን ድምፁ ካልተሰማ ሥራው ያለ ወቀሳ ወደ ክፍቱ ዝርዝር ይመለስ። «ያለ ወቀሳ» የሚለውን በደንብ አስምሪበት። ሥራው በራሱ እንደሚመለስ ያወቀ ሰው ፈተና ሲደርስበት «አልቻልኩም» ለማለት አይከብደውም፤ ከፈተና በኋላም ተመልሶ ይመጣል፤ የተወቀሰው ግን ከግሩፑ ይወጣል። ቴሌግራሙን አትዝጉት፤ ሰላምታውና ጥሪው በዚያው ይቀጥል። ነገር ግን የኢሹ ቁጥር የሌለው ነገር ሥራ አይደለም የሚል ስምምነት ይኑራችሁ፤ በግሩፑ ላይ ጥሩ ሐሳብ ያመጣ ሰው ራሱ ኢሹ ከፍቶ ሊንኩን ይላክ። የፈተና ሳምንታት ሲቃረቡ ደግሞ አዲስ ሥራ አትክፈቱ።

ለጸቡ ምክንያት የሆነው መደምሰስም መድኃኒት አለው። ዋናውን ብራንች (የኮዱን ዋና ቅጂ) ቆልፊው፤ አንቺን ጨምሮ ማንም በቀጥታ አይጻፍበት። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ብራንች ከፍቶ ይሠራል፤ ሲጨርስ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤ ወደ ዋናው ይግባ የሚል ጥያቄ) ያቀርባል፤ ሌላ አንድ ሰው አንብቦ ከፈቀደ በኋላ ይዋሃዳል። ጊትሃብ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሪፖዚተሪ ላይ ይህን ቁልፍ በነጻ ይሰጣል። ሁለት ሰው አንድ መስመር ቢነካ ጊት አንዱን በዝምታ አይደመስሰውም፤ ግጭት አለ ብሎ ሁለቱንም ጽሑፍ ጎን ለጎን አውጥቶ ሰው እንዲወስን ይጠይቃል። ቀደም ሲል የተደመሰሰው ሥራም ኮሚት ተደርጎ (በጊት ተመዝግቦ) ከነበረ በታሪኩ ውስጥ አለና ፈልጊለትና መልሺለት፤ ከይቅርታ ንግግር በላይ ያስታርቃቸዋል።

በእኛ አካባቢ መብራትና ኢንተርኔት እንደልብ የማይገኙ መሆናቸውን አልረሳሁም። እንዲያውም ጊት ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚስማማ መሣሪያ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊነክስ ከርነል ሥራ ሲሠራው እያንዳንዱ ሠራተኛ ሙሉውን ቅጂ በራሱ ማሽን እንዲይዝ አድርጎ ነው። ለእረፍት ወደ ወልዲያ፣ ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ወረኢሉ የሄደ አባል ያለ ኢንተርኔት ኮሚት እያደረገ ሰንብቶ፣ መስመር ባገኘ ዕለት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊልክ ይችላል። ለአዳዲስ አባላትም ሪፖዚተሪውን በየዳታቸው ከሚያወርዱ በፍላሽ አድሏቸው፤ ማኅደሩ እንዳለ ከተገለበጠ ሙሉ ሪፖዚተሪ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ኮምፒውተር ከነመረጃው የጠፋባቸውን ሰዎች በቅርብ አውቃለሁና ቅጂው በብዙ ሰው እጅ መሆኑን እንደ ትርፍ ነገር አላየውም። ከሆስቲንጉ ላይም ዘመኑ እስኪያልቅ ሳትጠብቂ፣ በዚህ ሳምንት፣ ዳታቤዙንና የፎቶ ማኅደሩን አውርደሽ በሁለት ቦታ አስቀምጪ። ከዘረዘርኩት ሁሉ አስቀድሞ መሠራት ያለበት ይህ ነው።

ሁሉንም አፍርሰን በአዲስ ቴክኖሎጂ እንሥራ የሚሉትን አታሳፍሪያቸው፤ ፍላጎታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ዘንድሮ አይሆንም በያቸው። የምትመርጡትን መሣሪያ የሚመዝነው የከፈተው ሰው ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ የሚረከበው የማታውቁት ልጅ ነው፤ ያ ልጅ ተራ የጽሑፍ ፋይል ያነባል፤ አንድ ወዳጃችሁ በጀመረበት ወቅት በፋሽንነቱ የመረጠውን ማዕቀፍ ግን ላያውቀው ይችላል። ለመሞከሪያ የሚሆን ሌላ ሪፖዚተሪ በኦርጋናይዜሽኑ ውስጥ ክፈቺላቸውና እዚያ ይማሩበት።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ሪድሚ በሚባለው ፋይል ላይ ድረ ገጹ እንዴት እንደሚታረም፣ ባለቤቶቹ እነማን እንደሆኑ፣ የተቋሙ ንዑስ ስም በማን ደብዳቤ እንደተፈቀደ፣ የምዝገባው ቅጽ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ በአማርኛ ጻፊ። ከዚያ ጊት ነክቶ የማያውቅ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አስቀምጪና ሪድሚውን ብቻ እያነበበ አንዲት ማስታወቂያ እንዲያወጣ አድርጊ። አንቺ አጠገቡ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ አትርጂው። የቆመበትን ቦታ ሁሉ መዝግቢና ያን መስመር አስተካክዪው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ባለቤቶቹ ሲለወጡ ይህንኑ ድገሙት።

የተኳረፉት ሁለቱ ልጆች ቀርተውኛል። ከ26ቱ ሥራዎች መካከል ያቺን የተጣሉባትን ገጽ ለሁለቱም ስጫቸው፤ አንደኛው ይጻፋት፣ ሁለተኛው ፑል ሪኩዌስቱን አንብቦ ያጽድቃት፤ በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ ቦታ ይለዋወጡ።